የብስክሌት ፍሬም ፓውደር ማስደረግ፦ ከመፍታት እስከ መልሶ መግጠም

የመጀመሪያ ፍሬሜን ፓውደር ያስደረግሁት በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ ነው። ጥቁር ፎኒክስ ነበረች፤ አረንጓዴ ትሁንልኝ ብዬ። ማታ ልረከባት ስሄድ ጮቤ ረገጥኩ። እንደ መስታወት ታበራለች። ቤት ገብቼ የኮርቻውን ዘንግ ልሰካ ስል ግን አልገባም አለ። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣ በመርቴሎ ነካ ነካ አደረግሁት። ወይ ፍንክች! ገልብጬ ሳይ የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚጠበቅበት ጥርስም በቀለም ታሽጓል። ሁለት ቀን ሙሉ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ።

የሠራው ልጅ ላይ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የሱ አይደለም። ልጁ ዱቄቱን ያውቀዋል፤ ብስክሌት ግን አያውቅም። በር ላይ ቀለም ያልነካው ቦታ ከተገኘ ስህተት ነው። ብስክሌት ላይ ደግሞ ቀለም ከነካው ስህተት የሚሆን ብዙ ቦታ አለ። ያንን አውቆ ሸፍኖ መስጠት የባለ ብስክሌቱ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤትም ፍሬም አሠርቻለሁ፤ ሁለቱን ራሴው ረጭቻለሁ። የሚከተለው ከዚያ የለቀምኩት ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ፓውደር ኮቲንግ ፈሳሽ ቀለም አይደለም። እንደ በሶ የላመ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ቲነር የሚባል ነገር የለበትም። የሚረጨው ሽጉጥ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ፍሬሙ ደግሞ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዛል። ስለዚህ ዱቄቱ ተስቦ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ምድጃ ገብቶ 180 ወይም 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ይዘረጋል፣ ይበስላል። አንዴ ከበሰለ ተመልሶ አይቀልጥም። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ማለት ነው። ይቺ ቅጠል የምታህል ነገር ናት የኮርቻ ዘንጌን ያገደችው።

የትኛው ፍሬም ምድጃ ይገባል?

የብረት ፍሬም ከሆነ ምንም አትጨነቁ። መገጣጠሚያው በነሐስ የተበየደ አሮጌ ፍሬም እንኳ ችግር የለበትም፤ ነሐሱ የሚቀልጠው ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የብር ብየዳውም ከ600 በላይ ይፈልጋል። 200 ዲግሪ ለነሱ ፀሐይ መሞቅ ነው።

አሉሚኒየምም ይሆናል፤ ግን በልክ። 6061 እና 7005 የሚባሉት የብስክሌት አሉሚኒየሞች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በሙቀት ተይዘው ነው። 200 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ መቆየት ብዙ አይነካቸውም። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ቀለሙ አላማረኝም እየተባለ ደጋግሞ ከተጋገረ ግን ብረቱ ይለሰልሳል። ስለዚህ ለአሉሚኒየም ፍሬም 180 ዲግሪ የሚበቃውን ዱቄት ፈልጉ።

ካርቦን በፍጹም። ካርቦን ክሮቹን የያዘው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ይህን ሙቀት አይችልም። በሙጫ የተያያዙ የድሮ አሉሚኒየም ፍሬሞችም እንደዚያው፤ የፈረንሳዩ ቪተስ 979 ከነሱ አንዱ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ መገጣጠሚያው ላይ የብየዳ ጠባሳ ከሌለ ተጠራጠሩ። ሞላ ያለው የፊት ሹካም አይገባም። ውስጡ ዘይት፣ ጎማና ፕላስቲክ ነው።

ሌላው ስቱኮ ነው። ፍሬማችሁ ተጎድቶ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ካለው ምድጃ ውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ሙቀት የሚችል፣ ብረት ያለበት ስቱኮ ካላገኛችሁ ጉድጓዱን ከነጉድጓድነቱ ተዉት።

መፍታት

ሁሉም ይውጣ። "ይቺ ትቅር፣ ምን ታመጣለች" የምትሏት ነገር ናት የምታመጣው። ጎማዎቹ፣ ካቴናው፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ የመሪው ኩሽኔታ የተቀመጠባቸው ሁለቱ ቀለበቶች፣ የፔዳሉ ዘንግ፣ የጠርሙስ መያዣ ብሎኖች፣ ፊት ላይ ያለው የፋብሪካ አርማ። ስቲከር ሙቀት ስለማይችል ይሞታል፤ የምትወዱት ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ በኋላ ማሳተም ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ ነው፤ ከዚህ በኋላ የፔዳል ቤት ልበለው። አብዛኞቹ ፍሬሞች ላይ በካቴናው በኩል ያለው የብሎን ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው። እንደ ሌላ ብሎን ከፈታችሁት እያጠበቃችሁት ነው። በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ አዙሩት። ሁለተኛው እንደ ፎኒክስ ባሉ አሮጌ ብስክሌቶች የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቁልፍ ነው። ዳዶውን ሙሉ ለሙሉ አውጥታችሁ ጫፉን በመርቴሎ ከመታችሁት ጥርሱ ይደፈጠጣል። ዳዶውን ከጫፉ እኩል እስኪሆን ብቻ ፍቱና በዳዶው ላይ ምቱ። ማታ ዘይት አጠጥታችሁ ጠዋት ብትሞክሩ ደግሞ ይሻላል።

የፍሬሙን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ የፔዳል ቤቱ ሥር ተቀርጿል፤ አንዳንዱ ላይ የኮርቻው ቱቦ አናት ላይ ነው። ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ቁጥሩን ይውጠዋል። አንድ ቀን ብስክሌቷ ጠፍታ ብትገኝ የናንተ መሆኗን የምታስረዱት በዚያ ቁጥር ነው።

አሮጌውን ቀለም ማንሳት

መጀመሪያ ግራሶውን አጥፉ። ላምባ ነክራችሁ አሹት፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት። ግራሶ ላይ ሳንድ ብላስት ማድረግ፣ ማለትም በአየር ግፊት አሸዋ መሰል ፍሬ እየረጩ መፋቅ፣ ቆሻሻውን ብረቱ ውስጥ መቅበር ነው።

ሳንድ ብላስት ከሁሉም ይሻላል። ብረቱን ከማጽዳቱ በላይ ላዩን ሸካራ ያደርገዋል፤ ዱቄቱም የሚይዝበት ጥፍር ያገኛል። ግን የብስክሌት ቱቦ በር አይደለም። ጥሩ ፍሬም ላይ የቱቦው ግድግዳ መሐሉ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ለባለሙያው ሦስት ነገር ንገሩት፦ ግፊቱን ወደ 3 ወይም 4 ባር ይቀንስ፣ ደቃቅ መርጫ ይጠቀም፣ አንድ ቦታ ላይ አይቁም። ወደ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ሳያቋርጥ እጁን ያንቀሳቅስ።

የሚረጨው ምን እንደሆነ ጠይቁ። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ራቁ፤ ልጁንም ምከሩት። የደቀቀ አሸዋ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ጋርኔት፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ወይም የብርጭቆ ፍሬ መጠቀም ይቻላል።

ብላስት ከሌለ ቀለም ማንሻ ኬሚካልና የሽቦ ብሩሽ ነው። ላብ ያስጨርሳል፤ ግን ይሠራል። አሉሚኒየም ላይ ኮስቲክ ሶዳ አታድርጉ። አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል፤ የሚወጣውም ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፣ እሳት ይወዳል።

ፍሬሙ ራቁቱን ሲቀር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለ የሚታየው አሁን ነው። የመሪው ቤት ሥር፣ የፔዳል ቤቱ ዙሪያ፣ የኮርቻው ቱቦ አናት። አንድ ጎረቤቴ ያመጣት ፍሬም ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አገኘንና ወደ በያጅ ወሰድናት። ቀለም ሸፍኗት ኖሯል።

ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ላብ ምልክት ይተዋል። ራቁት ብረት ደግሞ እርጥበት ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ዝገት ያወጣል። ሐምሌ ላይ ማታ ያደረ ፍሬም ጠዋት እንደ በርበሬ ቀልቶ አግኝቼዋለሁ። ጠዋት ብላስት፣ ከሰዓት ምድጃ ይሁን።

መሸፈን

ይህን አንብባችሁ ሌላውን ብትዘሉት ቅር አይለኝም።

በኮርቻው ቱቦ እንጀምር። የኮርቻ ዘንግ ገበያ ላይ በየ0.2 ሚሊሜትሩ የተለያየ ሳይዝ ያለው በምክንያት ነው። 27.2 እና 27.0 ሁለት የተለያዩ ዘንጎች ናቸው። አሁን አስቡት፤ 80 ማይክሮን ቀለም በሁለቱም በኩል ሲገባ ቱቦው በ0.16 ሚሊሜትር ይጠባል። አንድ ሳይዝ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የቱቦው ውስጥ ጭራሽ ዱቄት አይንካው። ሙቀት የሚችል ቴፕ ከውስጥ በኩል እስከ ጠርዙ ድረስ ለጥፉ። ወይም የሲሊኮን ውታፍ ክተቱ።

የፔዳል ቤቱ ጥርስ ቀጥሎ ነው። እኔ የምጠቀመው ዘዴ ምንም አያስወጣም። ከአሮጌ ብስክሌት የወጣ የኩሽኔታ ቀለበት አለኝ፤ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው። ሁለቱን በግራና በቀኝ አስሬ እልካለሁ። ጥርሱ ይሸፈናል፣ ጠርዙም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መካኒክ ጋ ብትጠይቁ ሞልቷል። የጠርሙስ መያዣና የመጫኛ ቀዳዳዎችም እንደዚያው፦ አሮጌ ብሎን ጥቂት ዙር አስገቡባቸው።

የመሪው ቤት ከላይና ከታች ያለው ወለል፣ ቀለበቶቹ በግፊት የሚገቡበት፣ ባዶ ይሁን። ቀለም ካለበት ቀለበቱ ሲገባ ልጦት ይሄዳል፤ አልያም ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። ሹካው ላይ ደግሞ የአንገቱ ጥርስና ከሥሩ ያለው የኩሽኔታ መቀመጫ ይሸፈናል። ያንን መቀመጫ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እኔም ረስቼዋለሁ።

የጎማው ፔርኖ የሚቀመጥባቸው ቦዮች ብዙ የማይባልላቸው ግን አደገኞቹ ናቸው። ዳዶው የሚያርፍበት ፊት ላይ ወፍራም ቀለም ካለ፣ ስትጠብቁት ይይዛል። ከሳምንት በኋላ ቀለሙ ተጨፍልቆ ዳዶው ይላላል፤ ጎማው መንገድ ላይ ይንሸራተታል። በውስጥም በውጭም ሮንዴላ አድርጋችሁ በብሎን እሰሯቸው። ሲፈታ ልክ በዳዶው መጠን ክብ የሆነ ራቁት ብረት ይተዋል፤ በእጅ ከተቆረጠ ቴፕ በጣም ያምራል። ዲስክ ፍሬን ካለው የፍሬኑ መቀመጫ ፊትም፣ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት ጥርስም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ስለ ቴፕ፦ ተራው የወረቀት ቴፕ ምድጃ ውስጥ ይከስላል፤ ሙጫው ብረቱ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው አረንጓዴ የፖሊስተር ቴፕ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ካጣችሁት ሞባይል ጠጋኞች ሙቀት ሲያነዱ የሚለጥፉት ያ ወርቃማ ቡናማ ቴፕ አለ፤ ፖሊኢማይድ ይባላል። እሱ ከአረንጓዴውም በላይ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የማያስፈልግ ቀዳዳ አትድፈኑ። የብረት ፍሬሞች የኋላ እግሮቻቸው ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አላቸው፤ ለአየር የተተወች ናት። ከ20 ዲግሪ ወደ 200 ሲሞቅ አየር ወደ 1.6 እጥፍ ይለጠጣል። መውጫ ካጣ ውታፉን ይተፋዋል፤ ወይም በቀለሙ መሐል አረፋ ሆኖ ይወጣል።

ባዶ ማጋገር

ብዙ ቤት ይህን ይዘለዋል። አታስዘልሏቸው። ሳይረጭ በፊት ፍሬሙ ብቻውን ከሚበስልበት ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ይግባ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ከ200 አይለፍ። ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘይትና ውሃ በጭስ መልክ ይወጣል። ይህን ካላደረጋችሁ ያው ዘይት ቀለሙ ሲቀልጥ ጠብቆ፣ ከፔዳል ቤቱ ሥር ተንጠባጥቦ፣ የሚያምረውን ቦታ መርጦ ያበላሻል። ሲወጣ በኮምፕሬሰር ንፉት፤ ሲቀዘቅዝ በአሴቶን የነከረ ንጹሕ ጨርቅ አብሱት። ጎማ የሚያብረቀርቁበት ስፕሬይ በአካባቢው አይኑር፤ ሲሊኮን ያለበት ነገር ቀለሙን ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል።

ዱቄቱን መምረጥ

ለውጭ ዕቃ ፖሊስተር ነው። ኢፖክሲ ዝገት በደንብ ይከላከላል፤ ፀሐይ ላይ ግን በወራት ውስጥ ይገረጣል፣ እንደ ጠመኔ ይቦናል። ስለዚህ ኢፖክሲ ከሥር፣ ፖሊስተር ከላይ ይሁን። ዚንክ ያለበት ኢፖክሲ ፕራይመር ለብረት ፍሬም ጥሩ ነው፤ በተለይ ዝናብና ሐይቅ አጠገብ ለምትነዱ። ፕራይመሩ ሙሉ ለሙሉ እንዳይበስል ግን ተጠንቀቁ፤ ከበሰለ በኋላ ሁለተኛው ሽፋን በደንብ አይይዘውም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ቀለም ስትመርጡ በራል ቁጥር ተነጋገሩ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1927 የጀመሩት የቀለም መዝገብ ነው፤ ሁሉም ቤት ካርዱ አለው። "ትንሽ ደመቅ ያለ ሰማያዊ" ብትሉ የምታገኙት የሠራተኛውን ሰማያዊ ነው። 5002 ብትሉ ግን የትም አንድ ነው። ጥቁር ለምትፈልጉ 9005፣ ቀይ ለምትፈልጉ 3020።

ለአንድ ፍሬምና ሹካ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። አንዳንዱ ቤት ለናንተ ብሎ ቀለም አይቀይርም፤ ሽጉጡን ማጽዳት አድካሚ ነውና። ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ተጠግታችሁ አስረጩ። እኔ አንዴ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን በሚቀባበት ቀን ሄጄ ግራጫ ብስክሌት ይዤ ተመልሻለሁ፤ አልከፋኝም።

መስቀልና መርጨት

ፍሬሙ የሚሰቀልበት መንጠቆ ባዶ ብረት ይሁን። ይህን ልብ ብላችሁ እዩ። ቤቱ ውስጥ ያሉት መንጠቆዎች በአሥር ዓይነት ቀለም ተሸፍነው እንደ ኖራ ዱላ ሆነዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መንጠቆው ከተሸፈነ ፍሬሙ ከመሬት ሽቦው ጋር አልተገናኘም ማለት ነው፤ ዱቄቱ አይሳብም፣ ይረገፋል። መንጠቆውን በሞረድ አስፍቁት። ከፔዳል ቤቱ ውስጥ ወይም ከመሪው ቤት ውስጥ፣ ማለትም በማይታይና በማይቀባ ቦታ ይንጠልጠል።

አረጫጨቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጠባቦቹ ቦታዎች፦ ቱቦዎች የሚጋጠሙበት ማዕዘን፣ ከፔዳል ቤቱ ጀርባ ያለው ጥግ፣ የኋላ እግሮቹ መሐል። ኤሌክትሪኩ ጫፍና ጠርዝ ስለሚወድ ዱቄቱ ወደ ጥግ አይገባም። ቮልቱን ወደ 30 ወይም 40 ሺህ ዝቅ አድርጎ፣ አየሩንም ቀንሶ፣ በቀስታ ማስገባት ነው። ከዚያ ቮልቱን ወደ 60 ሺህ ከፍ አድርጎ ቱቦዎቹን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቆ ማዳረስ። ብረቱ መታየት ሲያቆም በቃ። "ትንሽ ልጨምርበት" የሚሉት ነገር እዚህ ቅጣት አለው፤ ዱቄቱ ሲወፍር የራሱን ዓይነት ይገፋል፣ ሲበስልም ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል።

ከተረጨ በኋላ በባትሪ መብራት ከሥር እዩ። ያልተዳረሰ ጥግ ካለ አሁን ነው። ከምድጃ በኋላ ጸጸት ብቻ ነው። ነገር ከተበላሸ ደግሞ አትደንግጡ፤ ገና አልበሰለም። በአየር አራግፋችሁ እንደገና ጀምሩ።

ራሳችሁ ለምትረጩ፦ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት ከእሳት ብልጭታ ጋር ይፈነዳል። ሲጋራም፣ ብየዳም፣ የጋዝ ምድጃም በአጠገቡ አይኑር። ጥሩ ማስክ አድርጉ። ልቡ ላይ ፔስሜከር ያለው ሰው ሽጉጡን አይንካ፣ አይጠጋም። እንጀራ ወይም ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ ለዚህ ሥራ ከዋለ ወደ ምግብ አይመለስም።

ማብሰል

ካርቶኑ ላይ "200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ" ይላል እንበል። ይህ የምድጃው ሙቀት አይደለም፤ የብረቱ ነው። ምድጃው 200 ሲል የፔዳል ቤቱ ገና 120 ላይ ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ ቱቦ ቶሎ ይሞቃል፤ ወፍራሙ ይዘገያል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ወፍራሙ ሲደርስ ነው።

ችግሩ ቀለሙ ያታልላል። 120 ዲግሪ አካባቢ ዱቄቱ ይቀልጥና ያብረቀርቃል። ያኔ ላየው ሰው ያለቀ ይመስላል። ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ድፎ ዳቦ ነው። እንዲህ የወጣ ፍሬም ድንጋይ ሲመታው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። ስለዚህ ሳይነካ በኢንፍራሬድ የሚለካውን፣ የሌዘር ነጥብ የሚያበራውን ቴርሞሜትር ያዙ፤ የተቀባውን ቦታ ለኩ፣ ራቁት የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ያለው ንባብ ውሸት ነው። የፔዳል ቤቱ ሲደርስ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ሠራተኛው "ጋሼ፣ በቃ በስሏል እኮ" ቢላችሁ "ግዴለህም ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ጨምርልኝ" በሉት። በተለይ ነጭ ቀለም ሲሆን ግን በጣም ማብዛትም አይሆንም፤ ይቢጫል።

መብራት ቢጠፋስ? ጠፍቶብኛል። በሩን አትክፈቱ። ቀለሙ ገና ዱቄት ከሆነ ሳትነቀንቁት ይጠብቅ። ቀልጦ ከሆነም አልተበላሸም፤ መብራቱ ሲመጣ እንደገና ታሞቁትና ብረቱ ሲደርስ ደቂቃውን ከዜሮ ትቆጥራላችሁ። የኔዋ ሁለት ሰዓት ጠብቃ ደህና ወጥታለች።

ሲወጣ ውሃ አትድፉበት፤ በራሱ ይቀዝቀዝ። ቴፑንና ብሎኖቹን ግን ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ፣ በጓንት መያዝ ሲቻል አውጡ። በፊት በምላጭ ዙሪያውን ቁረጡት። ካልቆረጣችሁት ብሎኑ ሲዞር ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

መፈተሽ

ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ የማይታይ ቦታ፣ የፔዳል ቤቱ ሥር፣ ሃያ ጊዜ ያህል አሹ። ትንሽ ቢደበዝዝ ምንም አይደለም። ቀለሙ ወደ ጥጡ በደንብ ከመጣ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ አልበሰለም። ደስ የሚለው ነገር፣ ተመልሶ ምድጃ ቢገባ ይበስላል። ሳትከፍሉ በፊት ይህን እዚያው ፊታቸው አድርጉት።

ሌሎቹ ዕቃዎች

ጭቃ መከላከያው፣ የካቴናው ሽፋን፣ የኋላ መጫኛው፣ ማቆሚያው፣ የጠርሙስ መያዣው፤ እነዚህ ለፓውደር የተፈጠሩ ናቸው። ከፍሬሙ ጋር አብረው ይግቡ። ኒኬል ወይም ክሮም የተነከረ ዕቃ ግን ተዉት፤ ልሙጥ ስለሆነ ዱቄቱ አይይዘውም። የአሉሚኒየም መሪና የመሪ አንገት፣ የአሉሚኒየም የፔዳል ክንድ እኔ አላስነካም። ሲሰበሩ ጥርስ ይዘው የሚሄዱ ዕቃዎች ናቸው። ቸርኬ ከነሽቦው አይገባም፤ ብቻውን ከሆነም ፍሬኑ የሚነካው ጎን መሸፈን አለበት፣ አለዚያ ቀለሙን ፍሬኑ ይበላዋል፣ እስኪበላውም ብስክሌቷ አትቆምም። ደወል? አድርጌዋለሁ። አምሮ ወጣ። ስደውለው "ጠቅ" አለ።

መልሶ መግጠም

ከምድጃ በኋላ አንድ ቀን ታገሱ። የፔዳል ቤቱን ጥርስ ብሩሽ አስገብታችሁ አጽዱ። ዱቄት ሾልኮ ከገባ መካኒክ ጋ ጥርስ ማውጫ ይዞር፤ በኃይል ቀለበት አታስገቡ። ቱቦዎቹ ውስጥ በአየር ንፉ፤ ከብላስት የቀረ ፍርፋሪ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ በሳምንት ይጨርሰዋል። የቱቦው ውስጥ ቀለም እንደሌለው አትርሱ፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀለል ያለ ዘይት ወይም ሰም አፍስሱበት፣ ፍሬሙን አገላብጡ፣ የተረፈው ይንጠባጠብ። ከዚያ ጥርሱንም፣ የኮርቻውን ዘንግም፣ የቀለበቶቹን መቀመጫም ግራሶ ቀብታችሁ ግጠሙ።

ማሰሪያ ያለበት ቦታ ሁሉ፣ የኮርቻው ማጥበቂያ፣ የመጫኛው ብሎኖች፣ የጭቃ መከላከያው፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ንዳት በኋላ እንደገና ይጠበቅ። ሥሩ ያለው አዲስ ቀለም ትንሽ ይተኛል። የፍሬን ኬብል ቱቦውን የሚነካበት ቦታ ላይ ትንሽ ግልጽ ቴፕ ለጥፉ፤ አሸዋና ኬብል ተባብረው ፓውደርንም ይፍቃሉ።

ድንጋይ መትቶ የተላጠች ቦታ ካለች በስፕሬይ አትሞክሩ፤ ዙሪያውን ታበላሻላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት ጠርዟን ለስልሱና የሚመስል የጥፍር ቀለም ፈልጉ። እኔ ለአረንጓዴዋ የሚሆነውን ያገኘሁት አራተኛው ሱቅ ላይ ነው፤ ባለሱቋ ጣቴን እያየች "ለማን ነው?" ስትለኝ "ለፎኒክስ" አልኳት።